የንግድ ምልክትም ስም ይዙርለት

መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፉን ስለተቀበለ ብቻ አርፎ አይተኛም። ሊብሬው በስሙ እስኪዞር ድረስ ይመላለሳል። ቤት የገዛም ቢሆን ካርታው በስሙ ካልወጣ ገዛሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ያው ሰው ግን ምግብ ቤት፣ ሱቅ ወይም የባልትና ማምረቻ ከነስሙ ሲገዛ፣ ስሙ በማን እንደተመዘገበ፣ ጨርሶ ተመዝግቦ እንደሆነም አይጠይቅም። ከከፈለው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ስም ነው። መደርደሪያውና ፍሪጁ የትም ይገዛል፤ ደንበኛው የሚመጣው ስሙን ለምዶ ነው። የንግድ ምልክት በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተላለፈለት ሰው መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ዝውውሩ መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት፤ መንግሥት ደግሞ ያንን መዝገብ ንግዱ ወዳለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ማቅረብ አለበት ብዬ እከራከራለሁ። ገዢው ብቻ ቢተጋ፣ ወይም መንግሥት ብቻ በሩን ቢከፍት፣ ነገሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

ወላይታ ሶዶን መነሻ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። የክልል ቢሮ በተከፈተበት ከተማ ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩም ዋጋው ይጨምራል፤ እጅ ለእጅም ይዘዋወራል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወላይታ በስሙ የሚሸጥ ነገር ያለው አካባቢ ነው። የወላይታ ቅቤና የወላይታ ቁርጥ አዲስ አበባ ድረስ በስማቸው ይፈለጋሉ። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛ ከጋቢ አልፎ ኮት፣ ከረባትና ቦርሳ ላይ ሳይቀር ይታያል። ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን አንድ የዳጣ ብልቃጥ አንስቶ ላየ ሰው ነው። ውስጡ ያለው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመም ነው፤ አዘገጃጀቱን አካባቢው ሁሉ ያውቀዋል፤ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን አይችልም። ብልቃጡና ክዳኑ በጅምላ የሚገዛ ነው። አንዱን አምራች ከሌላው የሚለየው ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ሥዕል ብቻ ነው። ገዢዋ ባለፈው ወር የወሰደችው እንዳልሻገተባት፣ ጨው እንዳልበዛበት የምታስታውሰው በዚያ ወረቀት ነው። ያንኑ ወረቀት ደግሞ አንድ ማተሚያ ያለው ኮምፒውተር ቤት በደቂቃዎች ውስጥ አስመስሎ ያወጣዋል። የንግድ ምልክት ሕግ የሚጠብቀው ይህንን ቀጭን ወረቀት ነው።

ሕጉ አለ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501፣ እንዲሁም ለማስፈጸሚያው በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 273 ሥራ ላይ ናቸው። በአዋጁ መሠረት ባለቤትነት የሚገኘው ምልክቱን ብዙ ዘመን በመጠቀም ሳይሆን በማስመዝገብ ነው። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ባለመብቱ ሌላ ሰው ያንኑ ምልክት ወይም ሕዝብን የሚያደናግር ተመሳሳይ ምልክት በተመሳሳይ ወይም በተቀራራቢ ዕቃ ላይ እንዳይጠቀም መከልከል ይችላል። ምልክቱን ለሌላ ማስተላለፍም ይፈቀዳል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ዝውውሩ በጽሑፍ እንዲሆንና በመዝገቡ ውስጥ እንዲገባ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ዝውውር ሦስተኛ ወገንን መቃወሚያ አይሆንም። ብዙ ገዢዎችን ጉድ የሚሠራቸው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። በሻጩና በገዢው መካከል ውሉ ይጸናል፤ ሻጩ አልሸጥኩም ማለት አይችልም። አስመስሎ የሚሠራው ጎረቤት ግን የውሉ ተዋዋይ አይደለም። ገዢው ሲከሰው የመጀመሪያው መልሱ «አንተ ማነህ? መዝገቡ ላይ ያለው ስም ያንተ አይደለም» የሚል ነው። ሻጩ ደግሞ ሸጦ ሄዷል፤ ለሸጠው ነገር ጠበቃ የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። በዚህ መሀል ጥሰቱን የሚያስቆም ባለቤት ይጠፋል።

በተለመደው የሱቅ ሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው በጣም አጭር ነው። ሱቁ ከነሙሉ ዕቃው እንደተሸጠ፣ የተከፈለው ገንዘብ መጠን፣ የቀሪው ክፍያ ቀን፣ የምስክሮች ስምና ፊርማ ይሰፍርበታል። የዕቃው ዝርዝር እስከ ሚዛኑና እስከ ወንበሩ ቁጥር ድረስ ይጻፋል። ስለ ስሙና ስለ ምልክቱ ግን አንድ መስመር ካለ ብርቅ ነው። ገዢው ከዚያ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፈቃድ በስሙ ያወጣል፣ ግብር ከፋይ መለያውን ያስተካክላል፣ ነገሩም ያለቀለት ይመስለዋል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ተምታተዋል። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ፣ በንግድ መሥሪያ ቤቶች ነው። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንዱ ነጋዴውን ይለያል፤ ሌላው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን። የንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረ ስም ብልቃጡ ላይ ያለውን ምልክት አይጠብቅም። ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርስ ካልተያዩ፣ አንድ ሰው ሌላው በምልክትነት ያስመዘገበውን ቃል በንግድ ስምነት ይዞ በሕጋዊ ፈቃድ ሱቅ ሊከፍት ይችላል፤ ሲከሰስም ፈቃዱን አውጥቶ ያሳያል። በእኔ እምነት ከተንኮል ይልቅ ብዙ ጠብ የሚወልደው ይህ የመዝገቦች አለመነጋገር ነው።

ጥሰቱ ከማን ይመጣል የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። ሁልጊዜ ከማይታወቅ አስመሳይ አይደለም። ንግዱን የሸጠው ሰው ራሱ ከዓመት በኋላ ሐሳቡን ለውጦ መንገድ ተሻግሮ በተመሳሳይ ስም ሊከፍት ይችላል፤ ወይም ልጁ፣ ወይም በሽያጩ ያልተስማማ ሸሪኩ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ መደብሩን የሸጠ ሰው ገዢውን ከሚጎዳ ውድድር እንዲታቀብ፣ በተለይም ለ5 ዓመት በአካባቢው ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍት ከልክሎ ነበር። ሽያጩም በጽሑፍ እንዲሆን አዝዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ቢተካውም ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፣ ዛሬም ነው፤ ስምን የሸጠ ሰው ስሙን መልሶ ሊወዳደርበት አይገባም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክልከላ የሚያስረው ሻጩን ነው። የሻጩ የአክስት ልጅ፣ የቀድሞ ሠራተኛው፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ነጋዴ በዚያ አይያዝም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው በገዢው ስም የዞረ የምልክት ምዝገባ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ አንድ ጉዳይ የዝውውርን ክብደት በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1981 የልዕልት ዲያናን የሠርግ ቀሚስ ከሠሩት ሁለት ዲዛይነሮች አንዷ ኤልዛቤት ኢማኑኤል በ1990ዎቹ ንግዷን፣ የራሷን ስም የያዘውን የንግድ ምልክት ጨምራ፣ ለኩባንያ አስተላለፈች። ኩባንያው ንግዱን ሸጠ፤ እሷም ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች፤ ምልክቱ ደግሞ ለሌላ ተላለፈ። ኋላ ስሟን የያዘው ምልክት ሕዝብን ያሳስታል፣ ልብሱን እኔ የሠራሁት ይመስላል ብላ ተከራከረች። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 የሰጠው መልስ ምልክቱ የእሷን ስም ስለያዘ ብቻ ሕዝብን ያሳስታል ተብሎ ሊሰረዝ አይችልም የሚል ነበር። ፍርዱ ለሰሚ ይከብዳል፤ ሰው የገዛ ስሙን እንዴት ያጣል ያሰኛል። ግን የተላለፈለት ወገን መብት ምን ያህል እንደሚጠነክር ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። እግረ መንገዱንም ለእኛ ሻጮች አንድ ነገር ይነግራል። በአያቱ ወይም በራሱ ስም ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ንግዱን ከነስሙ ሲሸጥ ምን እየሸጠ እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። መሸጥ የማይፈልግ ከሆነ ውሉ ላይ ያንን ይጻፍ፤ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የመጠቀም ፈቃድ ይስጥ እንጂ አያስተላልፍ።

ሁለተኛው ምሳሌ በመዝገብ ቸል ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያሳያል። ሃቫና ክለብ የተባለውን የሩም መጠጥ ኩባ ውስጥ ይሠራ የነበረው የአሬቻባላ ቤተሰብ ነው። ከኩባ አብዮት በኋላ ድርጅቱ ተወረሰ። ቤተሰቡ አሜሪካ ውስጥ የነበረውን የምልክት ምዝገባ ሳያሳድስ ቀረና እ.ኤ.አ. በ1973 ምዝገባው ወደቀ። በ1976 የኩባ የመንግሥት ድርጅት ምልክቱን እዚያው አሜሪካ አስመዘገበ። በ1990ዎቹ የሩም አምራቹ ባካርዲ የቤተሰቡን መብት ገዛ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በፍርድ ቤት፣ በምልክት መሥሪያ ቤትና በአሜሪካ ምክር ቤት ሲጎተት ቆይቶ፣ በ2024 መጨረሻ ላይ እንኳ አዲስ ሕግ ወጥቶበታል። ፖለቲካው ነገሩን እንዳወሳሰበው ግልጽ ነው፤ የኩባና የአሜሪካን ጠብ ወደ ሶዶ ማምጣት አልፈልግም። ነገር ግን ሥሩ ላይ ያለው ተራ ነገር፣ አንድ ያልታደሰ ምዝገባ፣ ለእኛም ይሠራል። ምልክት የሚገዛ ሰው የሚገዛው የቀረውን ዘመን ነው። ሻጩ ማመልከቻውን ካስገባ 6 ዓመት ከሆነው ገዢው የያዘው አንድ ዓመት ነው። ሻጩ ለ3 ተከታታይ ዓመታት ምልክቱን ያለ በቂ ምክንያት ሳይጠቀምበት ከቆየ ደግሞ ገዢው ሊሰረዝ የሚችል ነገር ገዝቷል። ውል ከመፈረሙ በፊት የምስክር ወረቀቱን ቀን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከአገር ውስጥ ሜታ ቢራን እንመልከት። በ2004 ዓ.ም. የመጠጥ ኩባንያው ዲያጆ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለሌላ የመጠጥ ኩባንያ ለካስቴል ሸጠው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ባለቤት ተለወጠ፤ ጠጪው ግን ያው ሜታ ብሎ ያዛል። እንዲህ ባለው ሽያጭ የሚዛወረው አክሲዮኑ ነው። ምልክቱ የተመዘገበው በኩባንያው ስም ስለሆነ ኩባንያው ቢሸጥም መዝገቡ ላይ ያለው ስም አይለወጥም፤ ገዢው የምልክቱ ዝውውር ጣጣ አይነካካውም። ብዙውን የሶዶ፣ የቦዲቲና የአረካ ንግድ የሚሠራው ግን የአክሲዮን ማኅበር ሳይሆን ግለሰብ ነጋዴ ነው። እዚያ የሚሸጠው ንግዱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ ከሰው ወደ ሰው መሻገር አለበት። ሕጉ ጣጣውን የጫነው ከትልቁ ይልቅ በትንሹ ነጋዴ ላይ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁ ኩባንያ ጠበቃ አለው፤ ትንሹ ያለው ጽሑፍ የሚያውቅ ጎረቤትና ሁለት ምስክር ነው። መንግሥት እጁን መዘርጋት ያለበት ለማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ ለአንድ የዳጣ አምራች የምልክት ዝውውር ማስመዝገብ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መመላለሱ፣ ክፍያው፣ የወኪሉ ዋጋ ሲደመር ከትርፉ ይበልጣል ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የምከራከረውም መዝገቡ ወደ ሰው ይምጣ ብዬ ስለሆነ ከእኔ ጋር ነው እንጂ ተቃራኒዬ አይደለም። ግን የካሳውን ጉዳይም እንይ። አዋጁ መብቱ ለተጣሰበት ሰው የሚከፈለው ካሳ ጣሹ ካገኘው የተጣራ ትርፍ፣ ፈቃድ ቢወሰድ ይከፈል ከነበረው ገንዘብ ወይም ከ100,000 ብር የሚበልጠው እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ በወጣበት በ1998 ዓ.ም. 100,000 ብር ከ11,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ 1,000 ዶላር አይሞላም። ወለሉ ወርዷል፣ መስተካከልም አለበት። ያም ሆኖ ይህ ወለል ለትንሽ ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ አስመሳዩ ሒሳብ አልያዝኩም፣ ምን እንዳተረፍኩ አይታወቅም ብሎ እንዳያመልጥ ያደርጋል። በእኛ ገበያ ደግሞ ብዙው አስመሳይ ሒሳብ አይዝም። መብቱ መዝገብ ውስጥ የገባለት ሰው የጉዳቱን መጠን ሳያስረዳ ቢያንስ ይህንን ያገኛል። ስሙን ያላዞረ ግን ክሱን ገና በሩ ላይ ያጣዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕግ ሰዎች ይመጣል። ቅን ልቦና ያለው ገዢ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ውል ይዞ፣ በመዝገብ ጉድለት ብቻ መብቱን ማጣት የለበትም፤ ፍርድ ቤቱ ውሉን አይቶ ይወስንለት ይላሉ። ልብ የሚነካ ክርክር ነው፤ ግን ሌላውን ቅን ሰው ይረሳል። አንድ ወጣት አዲስ ምርት ሊጀምር ሲነሳ ስሙ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ብቸኛ ቦታ መዝገቡ ነው። በኪስ የተቀመጠ ውል ሁሉ እንደ መዝገብ ከተቆጠረ ማንም ሰው ምን እንደተያዘና ምን እንዳልተያዘ ሊያውቅ አይችልም፤ ተደብቆ የቆየ ወረቀት አውጥቶ የተሳካለትን ሁሉ መክሰስ ይቻላል። አንዱ ሻጭ ያንኑ ምልክት ለሁለት ሰው ቢሸጥስ? የውሎቹን ቀን መቀያየር ቀላል ነው፣ የመዝገብን ቀን ግን አይደለም። ስለዚህ ሕጉ በመዝገብ ላይ መጽናቱ ትክክል ነው። ፍርድ ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ግን አለ። ገዢው ዝውውሩን ለማስመዝገብ አመልክቶ ውሳኔ እየጠበቀ ከሆነ ክሱን ከመዝጋት ይልቅ ቀጠሮ ሰጥቶ መጠበቅ፣ እስከዚያም ጥሰቱ እንዳይስፋፋ ጊዜያዊ እግድ መመርመር ፍትሐዊ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። የምልክት መብት ይጠንክር ማለት የወል የሆነውን ስም ለግለሰብ አሳልፎ መስጠት ነው ይባላል። ዱንጉዛን፣ ጊፋታን፣ የወላይታ ቅቤን አንድ ብልህ ነጋዴ በስሙ አስመዝግቦ ቢሸጥስ? ገዢውስ መዝገብ ይዞ መጥቶ ገበያ ላይ ተቀምጣ ቅቤ የምትሸጠውን እናት ይህን ስም አትጥሪ ቢላትስ? ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ለዚህ ግን መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ፤ የዕቃውን ዓይነት ወይም የመጣበትን አካባቢ ብቻ የሚናገር ቃል ለአንድ ሰው የሚሰጥ ምልክት መሆን የለበትም። በስህተት የተመዘገበም ቢሆን እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ እጅ መለወጡ አያጸናውም። የማይገባውን ያስመዘገበ ሰው የማይገባውን ነው የሚያስተላልፈው። ዳሞታ፣ አጆራ፣ ጦና የሚሉትን አካባቢው የሚኮራባቸውን ስሞች የያዘ ንግድ የሚገዛም ይህንን አስቦ ይግዛ። ሁሉም የሚጠራው ስም ለአንድ ሰው ብቻ ተለይቶ ሊከበር የሚችለው በጠባቡ ነው፤ አምራቹ ራሱ የፈጠረው እንግዳ ስም ግን ጥበቃው ይሰፋል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ለወል ስም ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ኢትዮጵያም ሄዳበታለች። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ቀደም ብሎ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ማመልከቻ አስገብቶ ስለነበር የሲዳሞው ጉዳይ ተደናቀፈ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ። መንግሥት ምልክቶቹን ይዞ ለቡና ነጋዴዎች ያለ ክፍያ የመጠቀም ፈቃድ መስጠትን መረጠ። ባለቤትነቱ በወል ተያዘ፣ አጠቃቀሙ ተፈቀደ። አዋጅ 501 የወል የንግድ ምልክትን ስለሚያውቅ የወላይታ የቅቤ፣ የዳጣ ወይም የዱንጉዛ አምራቾች በማኅበር ሆነው ይህን ሊያስቡበት ይችላሉ። ያኔ የግለሰቡ ምልክትና የወል ስሙ ብልቃጡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የግሉ ይሸጣል ይለወጣል፣ የወሉ ግን ከማኅበሩ አይወጣም።

መብት ሲሻገር ግዴታ ወደ ኋላ እንዳይቀርም ያስፈልጋል። የጤፍ ታሪክ ስለ ፓተንት እንጂ ስለ ንግድ ምልክት ባይሆንም እዚህ ቦታው ነው። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ አጠቃቀምና ጥቅም መጋራት ውል ገባች። ኩባንያው ስለ ጤፍ አዘገጃጀት የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፣ ከዚያም በ2001 ዓ.ም. ከሰረ። ፓተንቱ ግን ከኃላፊዎቹ ጋር ወደተያያዘ ሌላ ኩባንያ ሄዶ ነበር። መብቱ ተሻገረ፤ ለኢትዮጵያ የተገባው ግዴታ ከከሰረው ኩባንያ ጋር ተቀበረ። ሆላንድ ውስጥ የጸናው ፓተንት ዋጋ እንደሌለው በሄግ ፍርድ ቤት የተወሰነው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ክርክሩንም ኢትዮጵያ ሳትሆን ሌላ የንግድ ድርጅት ነበር የተጋፈጠው። የዝውውር መዝገብ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ባለመብት ጋር ውል የነበራቸውን ሰዎችም መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ እንማራለን። አንድ የሶዶ አምራች ምልክቱን ሲሸጥ ቀድሞ የመጠቀም ፈቃድ የሰጣቸው አከፋፋዮች ካሉ ፈቃዳቸው አብሮ ይመዝገብ፤ አዲሱ ባለቤት አያውቀኝም ብሎ እንዳያባርራቸው።

በፈቃድና በዝውውር መካከል ያለው ልዩነት ወላይታ ውስጥ ጎልቶ የሚታይበት አንድ ስም አለ። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሳ፤ በማግስቱ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክን በመለያ ምት ጣለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክለቡ ስም ከሜዳ ውጭም ዋጋ አለው፤ ማሊያው፣ ሻርፑ፣ ኮፍያው ይሸጣል። እንዲህ ያለ ስም በፈቃድ መሰጠት እንጂ መሸጥ የለበትም። ማሊያ አምራቹ ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ ዕቃ ይጠቀምበታል፤ ጥራቱን ክለቡ ይቆጣጠራል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ስሙ ወደ ክለቡ ይመለሳል። ዝውውር ውስጥ ግን መመለስ የለም። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አጥሮት የተቸገረ ማኅበር ወይም ክለብ ይህን ልዩነት ሳይለይ ከፈረመ በኋላ ጩኸት አይጠቅመውም።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ሥራው ከባድ አይደለም። የክልሉ ንግድ ቢሮ የንግድ ፈቃድ ወደ አዲስ ባለቤት ሲያዛውር በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ ከዚህ ንግድ ጋር የተመዘገበ የንግድ ምልክት አለ ወይ፣ ካለ ተዛውሯል ወይ የሚል። የንግድ ስም ከመስጠቱ በፊትም የምልክት መዝገቡን ይመልከት። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑ ደግሞ ማመልከቻና የዝውውር ውል የሚቀበል፣ ሰነድ ጎደለ ብሎ እዚያው የሚመልስ ሰው ሶዶ ላይ ያስቀምጥ፤ ለብቻው ቢሮ መክፈት ካልቻለ ከንግድ ቢሮው ጋር በአንድ መስኮት ይሥራ። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማሩ ወጣቶች ለነጋዴው የዝውውር ውል በነፃ እንዲያረቅቁ ማድረግም ይቻላል። የወንጀሉን መንገድ ግን እንደ መጀመሪያ መሣሪያ አልደግፍም። አዋጁ ሆን ብሎ ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ትልቅ ቡድን ፈጥሮ የተጭበረበረ መድኃኒት ወይም ምግብ ለሚያሰራጭ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤቱን ሥዕል ቀድቶ ዳጣ ለሸጠ ሰው ግን እግድና ካሳ ይበቃል።

ጠቡ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል፣ መዝገብና ሙግት ለምን አስፈለገ የሚሉም አሉ። ሽማግሌ ያስታረቀውን ማፍረስ አይገባም፤ ሁለት ነጋዴዎች ስሙ የማን እንደሆነ፣ ሌላው በስንት ወር ውስጥ ሰሌዳውን እንደሚያወርድ ከተስማሙ ከሙግት የተሻለ ነው። ግን እርቁ የሚያስረው የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሦስተኛ ነጋዴ በዚያ ዛፍ ሥር አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቁ የስምምነቱን ቃል በጽሑፍ ያድርጉት፤ ምልክቱ ለአንዱ ከተለቀቀ ያ ጽሑፍ እንደ ዝውውር ውል ሆኖ፣ የሁለቱም ፊርማ አርፎበት፣ ከነምስክር ወረቀቱ ቅጂ ለባለሥልጣኑ ይቅረብ።